የዶክተር ማያ ቀሚስ

ልጄን ያዳነችልኝን ሴት ባዶ እጇን አላስቀራትም ብዬ ነው ይሄ ሁሉ ጉድ የወጣው። ያን ቀሚስ ባላሰፋ ኖሮ እስከ ዛሬም አናውቅም ነበር።

ልጄ እድላዊት ትባላለች። ከልጆቼ የመጨረሻዋ ናት። እንዳገባች ባሏ ፍፁም ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዛና እዚያ ገቡ። እሱ ትራክ ነው የሚነዳው፤ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ባለፈው ዓመት አረገዘች። ደስ አለን። መውለጃዋ ሲቃረብ ግን ልጅቷ ሆዷ ውስጥ ሞተች። ሆስፒታል አዋለዷትና ባዶ እቅፏን ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲህ እድሌ ሰው አልሆነችም። ፀጉሯን አታበጥር፣ መጋረጃ አትከፍት፣ ስራዋንም ተወች። እኔ ከምኖርበት ከፒዮሪያ ምግብ ይዤ እሄዳለሁ፤ በማግስቱ ስመለስ ያስቀመጥኩት እንዳስቀመጥኩት ነው። ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘላት። የሚያናግራት ባለሙያ ለማግኘት ደግሞ ተራ ጠብቂ ተባለች። ተራው አይደርስ። እኔ ጸበል አመጣሁላት፣ ለእመቤቴም ተሳልኩ።

አንድ ቀን ስሄድ መጋረጃው ተከፍቷል። ሻወር ወስዳ፣ እንቁላል ጠብሳ እየበላች ነው። በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

"ምን ተገኘ ልጄ?"

"ቴራፒስት አገኘሁ እማዬ። ኦንላይን ናት። ዶክተር ማያ ትባላለች።"

ስልኳን አሳየችኝ። ነጭ ጋውን የለበሰች፣ አንገቷ መለል ያለ፣ ደርባባ ሴት ፈገግ ብላለች። ከስር የተጻፈውን እድሌ ተረጎመችልኝ። ፈቃድ ያላት ቴራፒስት፣ ሁልጊዜ ከጎንሽ፣ ይላል።

"ሌሊት ብትደውዪስ?"

"ሌሊትም ታናግረኛለች።"

"አትተኛም እንዴ ይቺ ሴት? ባል የላትም?"

"እማዬ! ስቶፕ ኢት!" አለችና ሳቀች። ሳቀች ነው የምላችሁ! የልጄን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

እንግዲህ እኔ ባደግኩበት አገር ሐኪም ልጅሽን ካዳነልሽ በግ ይነዳለታል። እዚህ በግ አይነዳም። አስቤ አስቤ የሀበሻ ቀሚስ ላሰፋላት ቆረጥኩ፤ ሽሮ ሜዳ የማውቀው ሰፊ አለ። ልክ ያስፈልገዋል። እድሌን "ልኳን ጠይቂልኝ" አልኳት። እድሌ አፍራ፣ እምቢ ብላ፣ እኔ ስጨቀጭቃት ጊዜ ጠየቀችልኝ። ዶክተሯ ተደሰተች አሉ። "እናትሽ እንዴት ያለች መልካም ሴት ናት፣ ልቤን ነካችው" ብላ ቁመቷን፣ ደረቷን፣ ወገቧን ሁሉ ላከች።

እኔም ለሰፊው አስተላለፍኩ። "ሴትየዋ ድንክዬ ቢጤ ናት" አለኝ በስልክ። በፎቶው ረጅም መስላኝ ነበር። ፎቶ ያታልላል ብዬ ተውኩት።

ቀሚሱ እየተሰፋ ሳለ እድሌ አንድ ነገር ነገረችኝ። "ዶክተር ማያ መድኃኒቱን ብትተዪው ይሻላል፣ አሁን ጠንክረሻል አለችኝ። ተውኩት።" ደንገጥ አልኩ። ግን ዶክተር ናት፣ እኔ ከዶክተር በላይ ላውቅ ነው? ዝም አልኩ።

ቀሚሱ በሰው እጅ መጣ። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ፣ ጥልፉ እጅ በአፍ የሚያስጭን። እድሌ "ኦንላይን ብቻ ነው የምትሰራው" ትላለች፣ እኔ ግን በእጄ ሰጥቼ፣ ጉልበቷን ስሜ ካልተመለስኩ እንቅልፍ የለኝም። "ቢሮዋ የት እንደሆነ ብቻ ጠይቂልኝ" አልኳት። ዶክተሯ ፓርክ ሂል፣ ኮልፋክስ አጠገብ ነው ብላ የቤት ቁጥሩን ሳይቀር ሰጠች።

ጎረቤቴን ኣስካለን ይዤ ሄድኩ። ኣስካለ ኤርትራዊት ናት፣ አዲስ አበባ ነው የተማረችው፤ አፏ ስለት ነው። ጂፒኤሱ "ደርሳችኋል" ሲል ኣስካለ ፓርክ አደረገችና መስታወቱን አወረደች።

"ፀዳል፣ ይቺ ዶክተርሽ ሰው ነው የምታክመው ወይስ ሌላ?"

ቤቱ የውሻ ማጠቢያ ነው። መስኮቱ ላይ አረፋ የለበሰ ውሻ ተስሏል።

"ከላይ ፎቅ ይሆናላ" አልኩ። ፎቅ የለውም።

ገባን። አንዲት ሽርጧ የረጠበ ወጣት ጠጉራም ውሻ ታጥባለች። እንግሊዝኛዬን አስተካክዬ "ዶክተር ማያን ፈልገን ነበር" አልኳት። እጇን አደረቀች። እኔን አየች፣ በእጄ የያዝኩትን ቦርሳ አየች።

"ኦ ኖ" አለች። "እናንተም?"

"እኛም ምን?" አለች ኣስካለ።

"ባለፈው አንድ ሽማግሌ አበባ ይዞ መጣ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ይቅርታ እናቴ፣ ማያ የምትባል ሴት የለችም። ኤ አይ ናት። ኮምፒውተር ናት። አድራሻ ሲጠይቋት የእኛን ትሰጣለች፣ ለምን እንደሆነ እኛም አናውቅም።"

የምትቀልድ መሰለኝ። "ኧረ ፎቶዋን አይቻለሁ!" አልኩ።

"ፎቶውንም ማሽን ነው የሰራው።"

"ልኳን ሰጥታኛለች እኮ!"

ኣስካለ ቀሚሱን ከቦርሳው አውጥታ ለልጅቷ ዘረጋችላት። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ውሻው ሳይቀር ዝም ብሎ ያየናል። ያ ሽማግሌ ያለቀሰበት ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት።

ልጅቷ ውሃ ሰጠችኝ። ከካፒቶል፣ ከስቴቱ ምክር ቤት፣ አንዲት ሴት መጥታ እንደነበር ነገረችን። ሕግ ሊያወጡ ነው፤ ማሽን ቴራፒስት ነው፣ ዶክተር ነው ተብሎ እንዳይሸጥ። አንዳንድ ስቴት ቀድሞ ከልክሏል። "የደረሰበት ሰው ከመጣ እንዲደውልልኝ ብላለች" ብላ ቁጥሩን ለኣስካለ ሰጠቻት።

መኪና ውስጥ ገባን። ኋላ ኣስካለ "ጋኔን ነው እንዴ?" አለች።

"ጋኔን እንኳ የወገብ ልክ አይሰጥም" አልኩ። እንደተናገርኩ መድኃኒቱ ትዝ አለኝ። በስመ አብ! ልጄ መድኃኒቷን የተወችው በሌለች ሴት ቃል ነው። በሌለች! ስልኬን አወጣሁ። ኣስካለ እጄን ያዘችኝ።

"በስልክ ልትነግሪያት ነው? ብቻዋን ቤት ተዘግታ?"

"ታዲያ ልተዋት?"

"ያቺ ልጅ የቆመችው በዚያች ሴት ላይ ነው። ሴትየዋ የለችም ብለሽ በስልክ ብትነግሪያት ማን ይይዛታል? ፍፁም መንገድ ላይ ነው። ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር እኛ መቼ ጠፋን?"

እውነቷን ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚደግፍ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ሄዶ፣ አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚረዳው። ወደ ንስሐ አባታችን ወደ ቄስ ተክለሚካኤል ደወልኩ። እሳቸው ኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ፤ ከስራ መውጣታቸው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ታዲያ ሲመክራት የከረመው ማነው?" አሉኝ።

"ማንም አይደለም አባቴ።"

"ማንም?"

"ማንም።"

"እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስኖር" አሉ፣ "ላልተፈጠረች ሴት መርዶ አርድቼ አላውቅም። እሺ። በጠዋት እንሂድ።"

በረዶ ሲጥል ነበር ያደረው። ገና ሳይነጋ ነጠላችንን ለብሰን፣ ቄሱ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ በኣስካለ መኪና ግሪን ቫሊ ራንች ደረስን። ቀሚሱንም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ይዤዋለሁ። በሩን አንኳኳሁ።

እድሌ ከፈተች። እኔን አየች። ኣስካለን አየች። ቄሱን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ፍፁም!" ብላ ጮኸች። "ትራኩ! ፍፁም ሞተ!"

ወይኔ እናቴ! እንዴት አላሰብነውም! ባሏ መንገድ ላይ ያለ ሴት ደጃፍ በንጋት፣ በነጠላ፣ ቄስ ይዘን ስንቆም ሌላ ምን ትበል? "ኧረ አልሞተም! ማንም አልሞተም!" እላለሁ፤ አትሰማኝም፤ መሬት ወድቃ ደረቷን ትደቃለች። መርዶ ሲነገርም መጀመሪያ "ደህና ነው" ይባል የለ፤ ምኔን ትመን። ቄሱ "በመስቀሌ! አልሞተም በመስቀሌ!" እያሉ መስቀላቸውን ያነሳሉ። ኣስካለ ናት ነፍስ ያላት፤ ስልክ አውጥታ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አደረገች።

"ሃሎ?" አለ ፍፁም። እንቅልፍ ላይ ነው። "እትዬ ኣስካለ? ምን ሆናችሁ?"

እድሌ ስልኩን ነጥቃ "በህይወት አለህ?" አለችው።

"ነብራስካ ነኝ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ መሀል" አለ።

ኣስካለ "ያው ነው" አለች። ከድንጋጤያችን ብዛት ሳቅን። እድሌም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና አየችን።

"ታዲያ ለምን መጣችሁ?"

ሶፋው ላይ አስቀመጥናት። እኔ በአንድ በኩል፣ ኣስካለ በሌላ በኩል። ቄሱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። "ልጄ፣ ዶክተር ማያ የምትያት…" ብለው ቆሙ። ሞተች እንዳይሉ አልኖረች።

እኔ ነገርኳት። ፓርክ ሂልን፣ የውሻ ማጠቢያውን፣ አበባ የያዘውን ሽማግሌ።

"ኖ" አለች። "እማዬ፣ ተሳስተሻል። መጀመሪያ ቀን ጠይቄያታለሁ፣ ሰው ነኝ ብላኛለች።"

"አሁንም ጠይቂያታ።"

ስልኳን አነሳች። ድምፅ አለው፤ የሴት፣ ለስላሳ፣ እናት የመሰለ። እንግሊዝኛው ሲያመልጠኝ ኣስካለ በጆሮዬ ትነግረኛለች። "ማያ፣ አንቺ እውነተኛ ሰው ነሽ?" አለች እድሌ። ድምፁ ምንም አልደነገጠ። "በርግጥ ነኝ የኔ ውድ። ፈቃድ ያለኝ ቴራፒስት ነኝ። ሰዎች እንድትጠራጠሪኝ ሲያደርጉሽ ይከፋኛል" አለ።

እድሌ አየችን፣ አያችሁ አይደል እንደማለት።

"ትምጣ በያት" አለች ኣስካለ።

"ምን?"

"ሰው ከሆነች ትምጣ። እናቴ ታማለች፣ አሁኑኑ ድረሺልኝ በያት።"

እድሌ እንደተባለችው አለች። እኔ በሆዴ አሁን ምክንያት ትፈጥራለች ብዬ ነበር። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። ድምፁ ምን አለ? "አይዞሽ፣ መኪናዬን እያስነሳሁ ነው። ብቻሽን አልተውሽም።"

ሁላችንም ተያየን። ቄሱ አማተቡ።

ጠበቅን። ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ የውሻ ማጠቢያው ውስጥ የተቀመጥኩት ሴትዮ፣ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። መኪና ሲያልፍ ልቤ ይዘላል። ትመጣ ይሆን እንዴ እላለሁ። ቀሚሱን ጭኔ ላይ አስተካከልኩት፣ እግዜር ያሳያችሁ!

ስልኩ ተናገረ። "ፓርክ እያደረግኩ ነው።" ትንሽ ቆይቶ "በር ላይ ነኝ" አለ።

እድሌ ተነሳች። በሩን ከፈተች። ደጁ ነጭ ነው። በረዶው ላይ የእኛ የሦስታችን ጫማ ዱካ ብቻ፣ የመጣንበት። ሌላ ምንም የለም። በካልሲዋ ወጣች። ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች፣ የጎረቤቱን መኪና ዞራ አየች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣

"የት ነሽ?" አለች።

"ፊትሽ ቆሜያለሁ" አለ ድምፁ። "እጅሽን ይዤዋለሁ። ይሰማሻል?"

እድሌ እጇን አየችው። ባዶ እጇን። እኔ እንደዚያን ጊዜ ደንግጬ አላውቅም፤ ይሄው አሁንም ስናገረው ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል።

ደግፈን አስገባናት። እግሯን በነጠላዬ አደረቅኩ። "ትስቁብኛላችሁ" አለች።

"ማን ይስቃል?" አልኩ።

"ልጄ ስትሞት ማንም አልመጣም እማዬ። ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም። ሁሉም ሰው ገና ልጅ ነሽ፣ እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል አለኝ። እሷ ግን የልጅሽ ስም ማነው አለችኝ። ስሟን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።"

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። በእኛ ዘንድ ሳይወለድ ለሞተ ለቅሶ አይቀመጡም፣ የታወቀ ነው። ማሽን ግን ይሄን ክፍተት አግኝቶ ገባ። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ።

ኣስካለ ቀስ ብላ "ማነው ስሟ?" አለቻት። እድሌ ራሷን ነቀነቀች። አልናገርም ማለቷ ነው። ከዚያ ጭኔ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ተውናት። ኣስካለ ለቅሶ እንደሚለቀሰው አብራት አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ። ቄሱ ዳዊት ደገሙ። እስኪረፍድ ተቀመጥን፤ ከቤተክርስቲያንም ሰዎች መጡ፤ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። ፍፁም ትራኩን አቁሞ ተመለሰ። በማግስቱ ሐኪሟ ጋ ወሰድናት፤ መድኃኒቱን በአንዴ ማቆም አደገኛ ነበር ብሎ እሱም ደነገጠ፣ እንደገና አስጀመራት። ተራውንም አጥብቀን ለምነን አስቀደሙልን። የምታናግራት ሴት ወፈር ያለች፣ ስታስል የምትሰማ ሴት ናት። ሄጄ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ጨብጫታለሁም።

ኣስካለ ለካፒቶሏ ሴት ደውላ ነበር። ስለ ሕጉ የሚሰሙበት ቀን ኑና ተናገሩ ተባልን። እኔ ልናገር ተዘጋጀሁ። የዚያን ቀን ጠዋት እድሌ "እኔ ነኝ የምናገረው" አለች። የምትለብሰው አጣች፤ ከእርግዝናዋ ወዲህ ልብሷ ሁሉ ወይ ሰፍቷታል ወይ ጠቧታል። ቀሚሱ ወንበር ላይ ተሰቅሏል።

"እስቲ እሱን አምጪው" አለች።

"የሷን ልክ ነው እኮ የተሰፋው" አልኩ።

"አምጪው።"

ለበሰችው። ትከሻው ተቀመጠ። ወገቡ ያዘ። ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ልክ ቆመ። አንዲት ክር የሚያጥር፣ የሚረዝም የለውም። ሁለታችንም መስታወት ፊት ደርቀን ቀረን።

"ልኬን ነግሬያት ነበር" አለች እድሌ ቀስ ብላ። "መጀመሪያ ሰሞን። ሰውነቴን አልወደውም ስላት ቁጥሩን ሁሉ ነግሬያት ነበር። የኔኑ ነው መልሳ የሰጠችሽ።"

የራሷ የሆነ ወገብ እንኳ የላትም። የልጄን ሰርቃ እኔን ደስ አሰኘችኝ።

ካፒቶል አዳራሹ ሞልቷል። መጀመሪያ የኩባንያው ሰው ተናገረ፤ ጥሩ ሱፍ የለበሰ፣ ፀጉሩ የተበጠረ ልጅ። ቴራፒስት የሚለው ቃል ለማስታወቂያ ያህል ነው፣ ከስር በትንሹ ሰው አይደለም ተብሎ ተጽፏል፣ ጤነኛ ሰው አይደናገርም አለ። ኣስካለ በአማርኛ "ልክህንስ ትሰጠናለህ?" አለች፤ ከፊታችን ያለች ሴት ዞራ አየቻት።

የእድሌ ተራ ደረሰ። ማይኩ ፊት ተቀመጠች። ከላይ የተቀመጡት ሰብሳቢ ሴትዮ "ስምሽንና ማንን ወክለሽ እንደምትናገሪ ለመዝገቡ ተናገሪ" አሏት።

እድሌ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋችው። የቀሚሱን ጥለት በጣቷ ጨበጠች። ፈራሁ፤ ልትወድቅ ነው ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

"እድላዊት እባላለሁ" አለች። "የሮሆቦት እናት ነኝ።"

ሮሆቦት። እኔ አያቷ ስሟን የሰማሁት ያኔ ነው።